ያልተቆጠረው ድካም
(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



በጥቅምት ወር ከባለቤቴ ጋር አገራችንን እንይ ብለን ከመሐል ሜዳ በጓሳ በኩል እስከ ጣርማ በር በመኪና ሄድን። አባቶቻችን በቄሮ ሥርዓት ለዓመታት እየዘጉ በጠበቁት ሣር ላይ ጭላዳው ተሰማርቷል።

ጉብታ ላይ ካለች መንደር ሥር አንዲት እናት ባና ይሸጣሉ። ባለቤቴ «ትንሽ ይቀንሱልን» አላቸው። እኔ ደግሞ የሙያ ነገር ሆኖብኝ «እማማ፣ ስንት ያተርፋሉ?» አልኳቸው። የሱፉንና የሸማኔውን ዋጋ ቆጥረው ነገሩኝ።

«የፈተሉበትስ?»

«እሱማ የገዛ እጄ ነው፤ ምን ይቆጠራል ልጄ?»

ባለቤቴ ዝም ብሎ የተጠየቀውን ከፈለ።

ቤት ገብቼ የማኅበራችንን መዝገብ ገለጥኩ። የያዝኩት እኔው ነኝ፤ እሱም የፈትል ዓምድ የለውም። ከዚህ ወር ጀምሮ እንዲኖረው እጠይቃለሁ።