ሞራው ተመልሶ አልመጣም



የዓይን ሞራ በቀዶ ሕክምና ወጥቶላቸው ደህና ያዩ የነበሩ እናቶችና አባቶች ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ እይታቸው ሲደበዝዝ «ሞራው ተመለሰ፤ በቃ ታወርኩ» ብለው ቤት ይቀመጣሉ። የወጣ ሞራ ግን አይመለስም።

ታዲያ ምን ይሆናል? የደፈረሰው ሌንስ ሲወጣ፣ ተቀምጦበት የነበረው ስስ ከረጢት ሰው ሠራሹን ሌንስ እንዲይዝ ይተዋል። በከረጢቱ ውስጥ የቀሩ ጥቃቅን ሕዋሳት ተባዝተው የጀርባውን ግድግዳ ሲሸፍኑ ብርሃን ይጋርዳሉ። በሕፃናት ላይ ደግሞ ይበረታል።

መከላከሉ በአብዛኛው በሐኪሙ እጅ ነው። የሌንሱን ትርፍራፊ አጥርቶ ያጥባል፤ የከረጢቱን የፊት ቀዳዳ ከአዲሱ ሌንስ ጥቂት አጥብቦ ይከፍታል፤ ጠርዙ ስል የሆነ ሌንስ ይመርጣል። ስሉ ጠርዝ ለሕዋሳቱ አጥር ይሆንባቸዋል። ያም ሆኖ ችግሩ ፈጽሞ አይጠፋም፤ ቤት ውስጥ በምንሠራው መድኃኒትም አይከለከልም።

ከእኛ ከቤተሰብ የሚጠበቀው ወላጆቻችንን ለቀጠሮ ማድረስ፣ እይታቸው ሲደበዝዝም «እርጅና ነው» ብለን አለመተው ነው። መንስኤውን መርምሮ የሚለየው የዓይን ሐኪም ነው። የከረጢቱ መደብዘዝ ከሆነ፣ ያግ በተባለ ሌዘር በግድግዳው ላይ ትንሽ መስኮት ይከፈታል። ቢላዋ የለውም፤ በደቂቃዎች ያልቃል፤ ታካሚውም በዕለቱ ቤቱ ይገባል። ከዚያ በኋላ ብልጭታ፣ ብዙ ተንሳፋፊ ነጠብጣብ ወይም እንደ መጋረጃ የሚወርድ ጥላ ቢታይ ግን ለነገ አይባልም፤ ወዲያውኑ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።

አላህ ዓፊያውን ይስጠን።