ምግብ ሲጠረጠር
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በጤና ክበብ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



 የመረጥነው ርእስ፣ ሰው ምክንያቱ ያልታወቀ ሕመም ሲያገኘው «የበላሁት ምግብ ይሆን?» ብሎ ቢጠራጠር ምን ማድረግ ይገባዋል የሚል ነው።

በየክፍላችን ከምሳ በኋላ አንዱ ሆዱ ይነፋል፣ ሌላው ከንፈሩ ያብጣል፣ ሌላዋም ሰውነቷን ሽፍታ ይወርሳታል። የሚሰጠው ስም ግን እንደየቤቱ ነው። አንዱ «ጨጓራ ነው» ይላል፤ ሌላው «ምች መታው» ብሎ ዳማከሴ ይጨምቃል፤ «የሰው ዓይን ነው» የሚልም አይጠፋም። ዛሬ ደግሞ በቦሌና በገርጂ፣ በሲኤምሲና በአያት «አለርጂ ነው» ማለት ተለምዷል። ስሙ አዲስ ቢሆንም ሳይመረመር ከተሰጠ ያው ግምት ነው።

አለርጂ የሚለውን ቃል በ1906 እ.ኤ.አ. ያወጣው የቪየናው ሐኪም ፎን ፒርኬ ነው። የምግብ አለርጂ የሚባለውም ሰውነታችንን ከበሽታ የሚጠብቀው ኃይል ጉዳት የሌለውን ምግብ እንደ ጠላት ቈጥሮ ሲነሣበት ነው። በ1921 እ.ኤ.አ. ፕራውስኒትስ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም፣ ዓሣ የማይስማማውን የባልደረባውን የኩስትነርን የደም ውሃ በገዛ ቆዳው ውስጥ አስወጋ። በማግስቱ በዚያው ቦታ የዓሣ ጭማቂ ቢወጋ ቆዳው አበጠ። በዚህም የአለርጂው ምክንያት በደም ውስጥ እንደሚገኝ ታወቀ፤ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ደግሞ አይጂኢ የሚባለው ፕሮቲን መሆኑ ተረጋገጠ።

እንዲህ ያለው አለርጂ የሚታወቅበት ጠባይ አለው። ብዙውን ጊዜ ከተበላ በኋላ በጥቂት ደቂቃ፣ ቢዘገይም በሁለት ሰዓት ውስጥ ይነሣል፤ ጥቂት ቁራሽ ይበቃዋል፤ ያው ምግብ በተበላ ቍጥርም ይመለሳል። ከሚያስነሡት መካከል ወተት፣ እንቁላል፣ ኦቾሎኒ፣ ሰሊጥ፣ ስንዴና ዓሣ ይገኛሉ።

ወተት ሆድን ሲነፋና ሲያስቀምጥ ግን ብዙ ጊዜ ነገሩ ሌላ ነው። የብዙ ሰው አንጀት ከልጅነት በኋላ የወተትን ስኳር የመፍጨት ኃይሉ ይቀንሳል። ይህ በመጠን የሚወሰን ስለሆነ፣ አንድ ብርጭቆ ወተት ያወከውን ሰው ጥቂት እርጎ ወይም አይብ ላያውከው ይችላል። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ በጎልማሳነት ወተት እንዲስማማ የሚያደርጉት የዘር ለውጦች በአገራችን ሕዝብ ዘንድ ልዩ ልዩ መሆናቸውን አሳይቷል። ስለዚህ ለጎረቤት የተስማማው ሁሉ ለእኛ ይስማማል ማለት አይቻልም።

በአገራችን ለዚህ ምርመራ የሚረዳ ልማድ አለ፤ እርሱም ጾም ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላልና ሥጋ ለሚተው ሰው፣ ሕመሙ በእነዚያ ቀናት ጠፍቶ በፋሲካ ቢመለስ ጥርጣሬው ወደ ፍስኩ ያዘነብላል። በጾም ቢብስበት ደግሞ የሽሮው ሽምብራና አተር፣ ሰሊጡና ተልባው ይጠየቃሉ። ሆኖም በፋሲካ ቅባት በአንድ ጊዜ ስለሚበዛ ይህ ፍንጭ እንጂ ፍርድ አይደለም። ስንዴን የሚጠረጥርም፣ ጤፍ የስንዴው ግሉተን ባይኖርበትም፣ የሚገዛው እንጀራ ገብስ ወይም ስንዴ የተደባለቀበት እንደሆነ ሻጩን ይጠይቅ።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ሕመሙ ቀላል ሲሆን፣ ለሁለት ሳምንት ያህል የበላነውን፣ የበላንበትን ሰዓት፣ ሕመሙ የጀመረበትን ሰዓትና የታየውን ምልክት በደብተር ጽፈን ለሐኪም እናሳይ። ጃርዲያና የአንጀት ትልም ሆድን ስለሚያውኩ ሐኪሙ ሰገራ ይመረምር ይሆናል። ትል ያለበት ሰው በደሙ ውስጥ ያለው አይጂኢ ከፍ ሊል ስለሚችል የደም ምርመራ ብቻውን ምግብን አይኰንንም። ወላጆቻችን ሆይ፣ በሚያድግ ልጅ ላይ ወተትና እንቁላልን በግምት ብቻ አትከልክሉ፤ የተከለከለው ገንቢ ምግብ ራሱ ሌላ ጕዳት ያመጣልና።

ነገር ግን ምላስ ሲያብጥ፣ ድምፅ ሲታፈን፣ ትንፋሽ ሲያጥር ወይም ሰው ሲዝል ደብተር አይጠበቅም። «እስቲ ዳማከሴ ይሞከር» አይባልም። የመገናኛ መንገድ በመኪና ሲጨናነቅ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ሁላችን እናውቃለን፤ ስለዚህ ሳይዘገዩ በቅርብ ወዳለው ሆስፒታል መሮጥ ነው። በዚያ የሚያድነው የአድሬናሊን መርፌ ነው። ከዚያም በኋላ ያንን ምግብ በቤት ደግሞ መቅመስ አይገባም።

በመጨረሻም፣ ጓደኞቻችን ሆይ፣ ምሳ ዕቃችንን አንድ ላይ ከፍተን እንበላለን፤ ይህም ፍቅራችን ነው። ሆኖም ጓደኛችን «ይህ አይስማማኝም» ሲል «በሞቴ!» ብለን አናጕርሰው፤ እንደ ኩራትም አንቍጠርበት። የማይስማማውም አይፈር፤ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላልና።