የሄደውና ሥራው የመጣለት
(በምሩቃን መገናኛው የእራት ፕሮግራም ላይ የተደረገ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ስለ ሐኪሞች ፍልሰት አንድ ነገር በይን» ሲሉኝ ፈራ ተባ እያልኩ ነው እሺ ያልኩት። ከክፍላችን ብዙው ሰው ውጭ ነው፤ አንዳንዶቻችሁም ከዚያው መጥታችሁ ፊት ለፊቴ ተቀምጣችኋል። ስለዚህ ከራሴ ቤት ልጀምር፤ እናንተን የማስቀይመው ኋላ ነው።

እኛ የፍኖተ ሰላም ልጆች ነን። ታናሽ ወንድሜ ሶፍትዌር ይሠራል፤ የአጎቴ ልጅም እንደዚሁ። የአጎቴ ልጅ አሜሪካ ማስተርሱን ጨርሶ፣ ኤች ዋን ቢ በሚባለው ቪዛ እዚያው ተቀጠረ። ወንድሜ ደግሞ እናታችን ቤት፣ ከጓዳው አጠገብ ባለችው ክፍል ሆኖ፣ ለውጭ ድርጅት በኮንትራት ይሠራ ነበር። እናታችን ስለ ሥራው ስትጠየቅ «ሌሊት ሌሊት ኮምፒውተር ይጠብቃል» ትላለች። ዘበኛ አደረገችው ማለት ነው።

አንድ ፋሲካ ላይ ሁለቱ በስልክ ተያያዙ። የአጎቴ ልጅ «እናንተ በርካሽ ስለምትሠሩ እኮ ነው እኛን የሚያሰናብቱን» አለ። ወንድሜ «አንተማ ሎተሪ ወጣልህ፤ እኔ ምን ልሁን?» አለው። እውነትም ሎተሪ ነው። ለኩባንያዎች በዓመት የተመደበው ቪዛ 85,000 ነው፤ ከዚያ ውስጥ 20,000ው እዚያው አሜሪካ ማስተርስና ከዚያ በላይ ለተማረ። አመልካቹ ሲበዛ በዕጣ ይለያል። ዕጣው የወጣለትን ሰው ቀጣሪው በአካባቢው ለዚያ ሥራ ከሚከፈለው በታች እንዳይከፍለው ሕግ ያዘዋል። ከሥራ ከተሰናበተ ግን ሌላ ቀጣሪ ለመፈለግ ቢበዛ 60 ቀን ነው ያለው። የአጎቴ ልጅ ያንን 60 ቀን አንዴ ቆጥሮታል፣ ሁለት ልጆች ይዞ። በ52ኛው ቀን ሥራ ሲያገኝ እናቱ ስለቷን አስገባች።

ወንድሜ ይህም ያም የለውም። ደሞዝህ ከዚህ አይውረድ የሚል የለ፣ ቀን የሚቆጥርለትም የለ። ግን ለቅሶም ሰርግም ይደርሳል። የእናታችን ደም ግፊት ሲነሳ ይዟት የሚሮጠው እሱ ነው፤ ሐኪሟ ልጅ ባሕር ዳር ነኝ። እስከ 2015 ክረምት እንዲህ ኖሩ። ከዚያ በክልላችን የሆነውን ታውቃላችሁ፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ወንድሜ አንድ ቀን ጠበቀ፣ ሁለት ቀን ጠበቀ። መንገድ ተገኝቶ አዲስ አበባ ሲደርስ ሳምንታት አልፈዋል። ኢሜይሉን ሲከፍት ሦስት «የት ነህ?» እና አንድ «ኮንትራትህ ተቋርጧል» አገኘ። አራት ዓመት የሠራላቸው ሰዎች ናቸው።

ወደ እኛ ልምጣ። የሐኪም ሥራ እንደ ኮድ በኢንተርኔት አይላክም፤ ቢላክም ቁርጥራጩ ነው። ሕንድ ተቀምጦ የአሜሪካ ሐኪም የሚናገረውን ካርድ ላይ የሚጽፍ አለ። ራጅና ሲቲ ስካን ሌሊት ከሌላ አገር ሆኖ ማንበብም አለ። ነገር ግን የአረጋውያኑ መድን ሜዲኬር፣ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር፣ ከአሜሪካ ውጭ ለተሰጠ አገልግሎት ስለማይከፍል የመጨረሻውን ፊርማ የሚያኖረው እዚያ ያለው ሐኪም ነው። ፈቃዳችን በሽተኛው ካለበት ቦታ ጋር የታሰረ ነው። ስለዚህ ለእኛ የቀረው መሄድ ነበር። ሄዳችሁ።

ጄ ዋን በሚባለው ቪዛ ስፔሻሊቲ የገባችሁ ታውቁታላችሁ፤ ስትጨርሱ ሁለት ዓመት አገራችሁ ግቡ ይላል። ለዚህም መላ አለው፤ ኮንራድ 30። እያንዳንዱ ግዛት በዓመት እስከ 30 ሐኪም ያስቀራል፤ ሐኪሙ ሐኪም በጠፋበት አካባቢ ሦስት ዓመት ካገለገለ መመለሱ ይቀርለታል። አንዷ ጓደኛችን፣ የቡሬ ልጅ ናት፣ በበቆሎ እርሻ መካከል ባለች ትንሽ የአሜሪካ ከተማ ሦስቱን ዓመት ሠራች። «በመስኮት ሳይ ቡሬ ይመስለኝና አለቅሳለሁ» ብላኛለች። የቡሬም ዙሪያ በቆሎ ነው፤ ቡሬም ሐኪም አልተረፈውም። እነሱ ገጠራቸው ሐኪም እንደጎደለው አይተው ሕግ አወጡ፤ ሐኪሟን ያስተማርነው እኛ ነን።

እሷን አልወቅስም። በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያው ሥራ እስከ ማቆም የደረሰው ለምን እንደሆነ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ማስረዳት አያስፈልገኝም። እኔም መጽሐፉን ገዝቼ ለፈተናው ከፍዬ ነበር፤ ያስቀረኝ ጀግንነት ሳይሆን እርግዝና ነው። አሁን ደግሞ በሩ ራሱ ጠቧል። መስከረም 9 ቀን 2018 የወጣው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት አዋጅ፣ ከውጭ ለሚመጣ አዲስ የኤች ዋን ቢ ሠራተኛ ቀጣሪው 100,000 ዶላር ይክፈል ይላል። ትንሽ የገጠር ሆስፒታል ይህን ከየት ያመጣል? የሶፍትዌር ኩባንያ ግን ሰውየውን ማስመጣቱን ትቶ ሥራውን ይልክለታል። ወንድሜ «ለእኔ መልካም ዜና ነው» ሲል የአጎቴ ልጅ ስልኩን ዘጋበት።

ወንድሜ አዲስ አበባ ሌላ ኮንትራት አግኝቷል። ብር ከሐምሌ 2016 ወዲህ ስለወረደ፣ ዶላሩ ሲመነዘር የእኔን ደሞዝ ስንት እጥፍ እንደሚሆን አልነግራችሁም፤ እራታችሁን አላበላሽም። እናታችን ፍኖተ ሰላም ብቻዋን ናት።

አንድ ነገር ልጠይቃችሁና ልቀመጥ። ባለፈው ክረምት ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ የአንዲት አራስ ኢሲጂ ፎቶ አንስቼ፣ ስሟን ሸፍኜ፣ ለዚያችው ለቡሬዋ ልጅ በቴሌግራም ላክሁ። እዚያ ገና አመሻሽ ነበር። ወዲያው ደወለችልኝ፤ ተነጋገርን፤ አራሷ ልጇን ታቅፋ ቤቷ ገባች። ክፍያ የለ፣ ኮንትራት የለ። ግን እሷ ያን ሰዓት ሥራ ላይ ብትሆንስ? ስለዚህ ተራ እንግባ። የእኛ ሌሊት የእናንተ ቀን ነው፤ ውሳኔውና ፊርማው አልጋው አጠገብ የቆመው ሐኪም ይሆናል፣ እናንተ ታማክራላችሁ። ወረቀቱ መግቢያው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ስም፣ ስፔሻሊቲ፣ የምትገኙበት ሰዓት። የቡሬዋ ልጅ ማክሰኞንና ሐሙስን ይዛለች።