ሽማግሌ የቆረጠውን ዳኛ መቼ ይመረምረዋል?



በመንዝ፥ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ ብዙ ጠብ የሚበርደው በሽማግሌ ፊት ነው። ያልተደሰተው ወገን ፍርድ ቤት ሲደርስ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ፥ «ሽማግሎቹ አስታረቁ ወይስ ዳኙ?» የሚል ነው። ዕርቅ የሚጸናው በባለጉዳዮቹ ፈቃድ ነው፤ የግልግል ዳኝነት ግን ተረቺው ባይወደውም ያስገድደዋል።

ይህን ዳኝነት በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 3325 እስከ 3346 ደንግጎት ነበር። በ2003 ዓ.ም. ሰበር ሰሚው ችሎት በመዝገብ ቁጥር 42239፥ «ውሳኔው የመጨረሻ ነው» የሚል ውል የሰበርን በር እንደማይዘጋ ወሰነ። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1237 ደግሞ ነገሩን ለወጠው፤ ተዋዋዮቹ ካልተስማሙበት በቀር ይግባኝ የለም፤ መሠረታዊ የሕግ ስሕተት ሲኖር ሰበር ክፍት ቢሆንም፥ እሱም በስምምነት ሊቀር ይችላል።

እንግዲህ ሁለት ጎረቤቶች የጋራ ግድግዳ አስጠግነው በወጪው ቢጣሉ ለግልግል ዳኛ መስጠት ይችላሉ። ጠቡ በቦታው ድንበር ላይ ከሆነ ግን፥ አዋጁ የመሬትን ጉዳይ ከግልግል ዳኝነት ውጭ አድርጎታል። በዚያ ደጋ የሚበዛው ክርክር ደግሞ ይኸው የመሬት ክርክር ነው።

ስለዚህ ስምምነቱን የሚጽፍ የሕግ ባለሙያ፥ ለሽማግሎቹ የተሰጠው ነገር ምን እንደሆነና የትኛው በር እንደሚዘጋ፥ ባላገሩ ጣቱን ከማሳረፉ በፊት አንብቦ ሊያስረዳው ይገባል። ሳያውቅ የተወውን መብት ኋላ ዳኛ ላይመልስለት ይችላልና።