ውሻና በግ በአንድ ደጅ
(ፊደል ለቆጠሩ ገበሬዎች በራዲዮ ከተላለፈ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በጽሑፍ የቀረበ)

ከብቱን አስገብታችሁ፣ እሳት ዳር ተቀምጣችሁ ይህን ገጽ የምታነቡ፣ ወይም ልጃችሁ ሲያነብላችሁ የምታዳምጡ፣ እናንተ በደምበጫ፣ በጅጋ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ገጠር የምትኖሩ አባወራዎች፣ እመወራዎችና እረኞች፣ የዛሬው ንግግራችን ከደጃችሁ አይርቅም። ስለ ውሻና ስለ በግ ነው።

«ስለ ውሻና ስለ በግ ደግሞ ምን ይነገረናል? አብረናቸው አድገን የለም ወይ?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው። የበግን ጠባይ ከእናንተ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ነገር ግን ዓይን የማያየው፣ ከውሻው ወደ በጉ፣ ከበጉ ወደ ውሻው፣ አንዳንድ ጊዜም ወደ ልጆቻችን የሚመላለስ ጠላት አለ። ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚያ ጠላት ነው። እስቲ ደብተርና እርሳስ አቅርቡ። የዛሬዎቹ ቃላት ሦስት ናቸው፦ በግ፣ ውሻ፣ አዙሪት። እያነበባችሁ ጻፏቸው።

፩. በግና ውሻ ምን ይጠቅሙናል?

በምዕራብ ጎጃም፣ በምሥራቅ ጎጃምና በአዊ የሚረባውን በግ ባለሙያዎች «የዋሸራ በግ» ይሉታል። ጠጉሩ አጭር፣ ላቱ ሰፊና አጠር ያለ፣ ወንዱም ሴቷም ቀንድ የሌላቸው፣ መልኩም አብዛኛውን ጊዜ ቡናማ የሆነ በግ ነው። ይህ በግ ለገበሬ የሚራመድ ገንዘብ ማለት ነው። የማዳበሪያ ዕዳ ሲመጣ፣ የልጅ ደብተርና ልብስ ሲያስፈልግ፣ ሰው ሲታመም፣ በሬ አይሸጥም፤ በግ ይሸጣል። እናቲቱ አምስት ወር ገደማ አርግዛ ትወልዳለች፤ አንዳንዴም መንታ ትጥላለች። እንግዲህ አንድ ጠቦት ሲሞት የሞተው ጠቦት ብቻ አይደለም፤ ለዓመቱ የታሰበው ጉዳይ አብሮ ይሞታል።

ውሻውስ? ውሻ ባይኖር ቀበሮው በቀን ግልገል ይነጥቃል፤ ጅቡ በሌሊት በረት ይሰብራል። ገበሬ ቀን ሲያርስ ውሎ ማታ እንቅልፍ የሚወስደው ውሻው ስለማይተኛለት ነው። ስለዚህ የዛሬው ንግግራችን ውሻን ጥሉ ወይም ግደሉ የሚል አይደለም። ውሻችሁን ጠብቁት፣ እሱም ይጠብቃችሁ ነው የምንለው። ነገር ግን አበው «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» ይሉ የለ? እኛ ሳናውቅ ውሻችን የሚቀደው ቀዳዳ አለ። በዚያ ቀዳዳ የሚገባው በሽታ ከጅብ የባሰ በግ ይፈጃል።

፪. አዙሪት ምንድን ነው?

ከመንጋው አንዱ በግ ተለይቶ ይቀራል። አንገቱን ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። ሲሄድ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ በአንድ ወገን ይዞራል፣ ይዞራል። አንዳንዱ ከአጥር ወይም ከግድግዳ ጋር ተጋጥሞ ጭንቅላቱን ተደግፎ ይቆማል። ሣር እፊቱ እያለ አይግጥም፤ ይከሳል፤ በመጨረሻም ይወድቃል። ይህን የሚያመጣው በተለይ በወጣቶቹ በጎች፣ ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ባሉት ላይ ነው። አንዳንዱ ሰው «ዓይን በልቶት ነው» ይላል፤ ሌላው «ፀሐይ መትቶት ነው» ይላል።

ዓይንም ፀሐይም አይደለም። የዚህን በግ ራስ ቅል ብትከፍቱት አንጎሉ ላይ ውሃ የቋጠረ ስስ ከረጢት ታገኛላችሁ። ከረጢቱ የዶሮ እንቁላል ሊያህል ይችላል። በከረጢቱ ግድግዳ ላይ ጥቃቅን ነጫጭ ነጥቦች ተሰብስበው ይታያሉ። እያንዳንዷ ነጥብ የአንድ ትል ራስ ናት። አንጎሉን የተጫነው ይህ ከረጢት ነው በጉን የሚያዞረው።

ታዲያ ትሉ እንዴት እዚያ ገባ? ነገሩን ለመረዳት ኮሶን አስቡ። ሰው ያልበሰለ የከብት ሥጋ ሲበላ በሥጋው ውስጥ የነበረችው ፍሬ በሰውየው አንጀት ውስጥ አድጋ ረጅም ኮሶ ትሆናለች። የውሻውም ነገር እንደዚሁ ነው። ውሻ የታመመውን በግ ጥሬ አንጎል ሲበላ፣ በከረጢቱ ላይ ያሉት ነጥቦች በውሻው አንጀት ውስጥ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ትል ይሆናሉ። ከሳምንታት በኋላ ትሉ እንቁላል መጣል ይጀምራል። እንቁላሉ በዓይን አይታይም። ውሻው ግን በየሜዳው፣ በየደጁ፣ በየምንጩ ዳር ከኩሱ ጋር ይበትነዋል። በጉ ያንን ሣር ይግጣል፤ እንቁላሉ በሆዱ ይፈለፈላል፤ በደም ተጉዞ አንጎሉ ላይ ያርፋል፤ እዚያም በወራት ውስጥ ከረጢት ይሆናል። ክቡ እንዲህ ይዘጋል፦ ከበግ አንጎል ወደ ውሻ፣ ከውሻ ኩስ ወደ ሣር፣ ከሣር ወደ በግ አንጎል።

አሁን ልብ በሉ። በጉ ሲዞር ያዩ ባለቤቶች «ሳይሞት እንረደው» ብለው ያርዱታል። ጭንቅላቱንስ ምን ያደርጉታል? ለውሻ ይወረውሩታል። ውሻውን አዝነውለት ነው፤ ግን በሚቀጥለው ዓመት የሚዞረውን በግ በገዛ እጃቸው ዘሩት ማለት ነው።

የሚዞር በግ ሁሉ ግን አዙሪት አለበት ማለት አይደለም። ሌሎችም የራስ በሽታዎች እንዲህ ሊያደርጉት ይችላሉ። ስለዚህ የእንስሳት ሐኪም ባለበት ማሳየት ይሻላል። ከረጢቱ አመቺ ቦታ ላይ ሲሆን ሐኪም በቀዶ ጥገና ሊያወጣው ይችላል። በቤት ውስጥ ቅሉን መብሳት ግን በጉን ማሠቃየት ነው።

፫. ነገሩ ከበግ አልፎ ወደ ልጅ ይመጣል

የአዙሪቱ ትል የቅርብ ዘመድ የሆነ ሌላ ትል አለ። እሱ ደግሞ ከረጢቱን የሚቋጥረው በበጉና በከብቱ ሳንባና ጉበት ላይ ነው። በግ አርዳችሁ ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውሃ የሞላው ነጭ እብጠት አይታችሁ አታውቁም? «ይህስ አይበላም» ተብሎ ተቆርጦ ለውሻ ይጣላል። ውሻውም በልቶ ትሉን ያረባል። የዚህ ትል እንቁላል ግን በግ ብቻ አይመርጥም። ውሻው ሰውነቱን ሲልስ በጠጉሩ ላይ ይቀራል፤ ልጅ ውሻውን አቅፎ ሲጫወት በእጁ ይይዘዋል፤ ያንን እጁን ሳይታጠብ እንጀራ ይቆርሳል። ከረጢቱ በልጁ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ይቀመጥና ዓመታት ሳይታወቅ ቀስ እያለ ያድጋል። ሲታወቅ ብዙ ጊዜ ቀዶ ጥገና ይጠይቃል።

ይህን በሽታ ማሸነፍ ይቻላል ወይ? ይቻላል። በሰሜን አትላንቲክ ውቅያኖስ መካከል ያለችው አይስላንድ የምትባል አገር በግ አርቢ አገር ናት። በዚያ አገር ይህ በሽታ በአንድ ወቅት ብዙ ሕዝብ ይገድል ነበር። በ1863 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሃራልድ ክራቤ የሚባል የዴንማርክ ሰው ወደዚያ ሄዶ ነገሩን አጠና። ከዚያም በአገሬው ቋንቋ አንዲት አነስተኛ መጽሐፍ ጻፈ። መጽሐፏ በየቤቱ በነፃ ታደለች። የምትለውም አጭር ነበር፦ የታመመ የሆድ ዕቃ ለውሻ አትስጡ፤ ቅበሩት ወይም አቃጥሉት፤ ውሻችሁን የትል መድኃኒት ስጡት። የአይስላንድ ገበሬ ማንበብ ያውቅ ስለነበረ በክረምቱ ረጅም ሌሊት መጽሐፏን ለቤተሰቡ አነበበላቸው፤ ያነበበውንም ሠራበት። በኋላም ውሻን የሚመለከት ሕግ ወጣ፤ እርድም በቄራ ሆነ። በሽታው ቀስ በቀስ ከአገሩ ጠፋ። አያችሁ፣ ውድ አንባቢያን! መጀመሪያ የተሠራው ትልቅ ሆስፒታል አልነበረም። መጽሐፍና ማንበብ የሚችል ገበሬ ነበሩ።

በእኛም አገር በ1971 ዓ.ም. ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀምሮ፣ ትምህርቱ በ15 ቋንቋዎች እየተሰጠ ብዙ ሚሊዮን ሰዎች ፊደል ቆጥረዋል። ያኔ በዛፍ ሥር «ሀ፣ ሁ» ያሉት ዛሬ አያቶች ናቸው። ፊደል መቁጠር ግን ስምን ጽፎ ለመፈረም ብቻ አይደለም። በደጃችን ያለውን ጠላት ለማወቅም ነው።

፬. እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ የበግን ጭንቅላት፣ የታመመ ሳንባና ጉበት ጥሬውን ለውሻ ፈጽሞ አትስጡ። ወይ አቃጥሉት፣ ወይ ውሻ ቆፍሮ እንዳያወጣው ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቅበሩት፤ ከላዩም ድንጋይ ጫኑበት። ለውሻ መስጠት የግድ ከሆነ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ያህል በደንብ ይፍላ። በተለይ ለእንቁጣጣሽ፣ ለገናና ለፋሲካ፣ መንደሩ ሁሉ በአንድ ቀን በሚያርድበት ጊዜ ተጠንቀቁ። አንድ ቤት ቢጠነቀቅ፣ የጎረቤቱ ውሻ ግን ቢበላ፣ ሜዳው የጋራ ነውና ድካሙ ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ ከጎረቤት ጋር ተነጋገሩ፤ አንድ የጋራ ጉድጓድ ቆፍሩ።

ሁለተኛ፣ ለውሻችሁ የኮሶ ትል መድኃኒት ስጡ። ፕራዚኳንቴል የሚባለው መድኃኒት እነዚህን ትሎች ይገድላል። መጠኑን በውሻው ክብደት የሚወስነው ባለሙያ ነው። በዓመት ደጋግሞ መስጠት ያስፈልጋል። መድኃኒቱን በሰጣችሁ ጊዜ ውሻውን ሁለት ቀን እሰሩትና ኩሱን በአካፋ ሰብስባችሁ ቅበሩት ወይም አቃጥሉት።

ሦስተኛ፣ ልጆች ውሻ ከነኩ በኋላና ከመብላታቸው በፊት እጃቸውን በሳሙና፣ ሳሙና ከሌለም በአመድ ይታጠቡ። ውሻ የቤተሰቡን ገበታ አይላስ። ከጓሮ የተቀነጠሰ ጎመን በንጹሕ ውሃ ይታጠብ።

፭. እብድ ውሻ

ስለ ውሻ ተናግረን ይህን ሳናነሣ ብናልፍ ጥፋት ነው። ያለ ምክንያት የሚናከስ፣ ምራቁን የሚያዝረበርብ፣ መዋጥ ያቃተው፣ ድምፁ የተለወጠ፣ ቤቱን ትቶ የሚባዝን ውሻ ሊያብድ ይችላል ብላችሁ ጠርጥሩ። አንዳንዱ ደግሞ ሳይናከስ ጥግ ይዞ ይደበታል፤ መንጋጋው ይወርዳል። እሱም ያው ነው። አፉን ለማየት እጃችሁን አትክተቱ።

ውሻ የነከሰው ሰው ጊዜ የለውም። ቁስሉ ወዲያው በብዙ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይታጠብ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። «ቁስሉ ትንሽ ነው፣ ይድናል» አይባልም። ቁስሉ ሊድን ይችላል፤ መርዙ ግን በሥር እየሄደ ወደ አንጎል ይጓዛል። ውሃ መፍራትና መቃዠት ከተጀመረ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። ጠበል የሚጠመቅም ይጠመቅ፤ ነገር ግን ክትባቱ አይዘግይ። ነካሹ ውሻ ከተገኘ ሳይገደል ለ10 ቀን ታስሮ ይጠበቅ፤ ሁኔታውም ለጤና ባለሙያው ይነገር። እብድ ውሻ በግ ወይም ላም ከነከሰም ሥጋውንና ወተቱን አትጠቀሙ።

ሉዊ ፓስተር የሚባለው ፈረንሳዊ ሊቅ በ1885 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እብድ ውሻ የነከሰውን አንድ የ9 ዓመት ልጅ ከትቦ አዳነ። ከዚያ ወዲህ መንገዱ ይታወቃል። ከአንድ አካባቢ ውሾች ከመቶ 70 ያህሉ በየዓመቱ ከተከተቡ በሽታው መተላለፊያ ያጣል። ውሻን በድንጋይ መጨረስ ግን በሽታውን አያጠፋም፤ በሞተው ፈንታ ያልተከተበ ውሻ ከሌላ ቦታ ይመጣል።

፮. ደብተሩ

ለመጨረሻ፣ እስቲ በደብተራችሁ ላይ አንድ ገጽ ለበጎች፣ አንድ ገጽ ለውሻ ለዩ። በበጎቹ ገጽ እናቲቱ የተጠቃችበትን ቀን ጻፉ፤ አምስት ወር ቆጥራችሁ መውለጃዋን ታውቃላችሁ። የታመመውን በግና ያያችሁትን ምልክት ጻፉ። በውሻው ገጽ ክትባት ያገኘበትንና የትል መድኃኒት የወሰደበትን ቀን ጻፉ። የመድኃኒት ዕቃ ስትገዙ የማብቂያ ቀኑን አንብቡ። የሰው ክትባት ካርድ ከተሰጣችሁ ቀጣዩን ቀጠሮ ራሳችሁ አንብቡት፤ ክትባቱ በአንድ ቀን የሚያልቅ አይደለምና አንዱን ቀን መዝለል ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል። ሰው ሲረሳ ደብተር አይረሳም።

ለመወያያ የሚሆኑ ጥያቄዎች፦

፩. በመንደራችሁ ባለፈው ዓመት ስንት በግ ዞሮ ሞተ? ጭንቅላታቸው የት ተጣለ?
፪. የታመመውን የሆድ ዕቃ የምትቀብሩበት የጋራ ጉድጓድ የት ቢሆን ይሻላል?
፫. ልጅ በውሻ ቢነከስ መጀመሪያ ምን ይደረጋል? ትንሹ ልጃችሁ ይህን መልስ ያውቃል?
፬. «በግ»፣ «ውሻ» እና «አዙሪት» የሚሉትን ቃላት እየተጠቀማችሁ አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ።

የጻፋችሁትን ማንበብ ለማይችል ጎረቤት አንብቡለት። እስከሚቀጥለው ንግግራችን ድረስ በጎቻችሁ ይርቡ፤ ውሻችሁም ጤነኛ ሆኖ ደጃችሁን ይጠብቅ። ደኅና ሁኑ።