ሞተርና ካምቢዮ ሲጣመሩ
(ለማኅበሩ አባላት ከተደረገ ንግግር)



በእንግሊዝ አገር ሎተስ ሰቨን የተባለው መኪና ከ1957 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሳይገጣጠም ይሸጥ ነበር። ገዥው በቤቱ ሆኖ ራሱ ይገጥመዋል፤ ምክንያቱም ያልተገጣጠመ መኪና ከግዢ ታክስ ነጻ ነበረ። በእኛም አገር መካኒኩን ወደዚህ ሥራ የገፋው ታክስ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ ያረጀ ሻንሲ አይጣልም፤ ሌላ ሞተር ይፈለግለታል።

ከአምቦ ወደ ነቀምቴ ሲኬድ ጌዶን አልፎ በሚገኘው በእጃጂ ከተማ፣ አንድ አዛውንት ሴሪስ 3 ላንድሮቨራቸውን ይዘው መጡ። የቤንዚኑ ሞተር አልቆ ነበር። የጠየቁኝም «የትኛው ሞተር ይበረታል?» ብለው ነው። ሁሉም ደንበኛ እንዲህ ይጠይቃል፤ እኔ ግን ስሌቱን የምጀምረው ከኋላ ጎማ ነው።

የረጅሙ ላንድሮቨር ጎማ 7.50-16 ነው፤ አንድ ጊዜ ሲዞር 2.5 ሜትር ያህል ይሄዳል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲነዳ በደቂቃ 533 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። የዲፈረንሲያሉ ማባዣ 4.7፣ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍለው የረዳት ካምቢዮ ደግሞ 1.148 ነው፤ ሲባዙ 5.4 ይሆናሉ። እንግዲህ በአራተኛ ማርሽ ሞተሩ በደቂቃ 2880 ዙር ገደማ ይሠራል። ከፍተኛ ዙሩ 2800 የሆነ የጭነት መኪና ሞተር ብናስገባ ጉልበቱ ቢትረፈረፍም 80 ኪሎ ሜትር ሳይደርስ ይገታል፤ ያ ትርፍ ጉልበትም በደካማነታቸው የታወቁትን የላንድሮቨር የኋላ ጎማ አዙሪ ዘንጎች ይሰብራል።

የመረጥነው ባለ2446 ሲሲውን የቶዮታ «ቱ ኤል» የናፍጣ ሞተር ነው። ዙሩ ከ4000 ስለሚያልፍ ከአሮጌው ሞተር ጋር ይቀራረባል። ወደ ጌዶ በሚወጣው ዳገት በሦስተኛ ማርሽ፣ በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት፣ 2160 ዙር ያህል ይሠራል፤ ይህም ሞተሩ በደንብ ከሚጎትትበት ዙር አይርቅም። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከባሕር ወለል በየ1000 ሜትሩ ከኃይሉ 10 ከመቶ ገደማ እንደሚያጣ ግን መዘንጋት የለበትም።

ሞተር ከራሱ ካምቢዮ ጋር ቢመጣ ይሻላል፤ ቮላኖው፣ ፍሪሲዮኑና ዘንጉ አብረው የተሠሩ ናቸውና። በላንድሮቨር ላይ ግን ካምቢዮውና የረዳት ካምቢዮው አንድ አካል ስለሆኑ፣ አሮጌውን አስቀርተን በሞተሩና በካምቢዮው መካከል አገናኝ ሰሌዳ በቶርኖ አስወጣን።

ጥፋቱ እዚህ ላይ ነበር፤ ጥፋቱም የእኔ ነው። ሰሌዳውን ያማከልሁት በብሎን ቀዳዳዎቹ እንጂ በቮላኖው መሐል ባለችው ትንሽ ኩሽኔታ አልነበረም። የካምቢዮው ዘንግ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ተዛነፈ፤ የሚፈቀደው ግን ከ0.2 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። በሦስተኛው ሳምንት፣ ዳገቱ ላይ፣ የፍሪሲዮኑ ዲስክ እምብርት ተበጠሰና መኪናው ተሳፋሪዎቹን እንደያዘ ወደ ኋላ ተንደረደረ። ፍሬኑም ደነደነ። የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚኑ በአየር መሳቢያው ክፍተተ አየር አይፈጥርም፤ የፍሬኑን አጋዥ የሚያሠራው ፓምፕ ከቶዮታው ዲናሞ ጋር የተያያዘ ነው። እኛ ግን ገንዘብ ለመቆጠብ ብለን የላንድሮቨሩን አሮጌ ዲናሞ መልሰን ገጥመን ነበር። መኪናው ከመንገዱ ዳር ካለው የአፈር ቁልል ተደግፎ ቆመ። የተጎዳ ሰው አልነበረም። አዛውንቱ አንድ ቃል አልተናገሩኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሁለተኛውን ሰሌዳ ስንሠራ መሐሉን በባለመርፌ መለኪያ አራት ጊዜ ለካን፤ የቶዮታውንም ዲናሞ ከነፓምፑ ገጠምን። የሞተሩ ቁጥር መለወጡም በሊብሬው ላይ ተመዘገበ። የመጀመሪያው ሰሌዳና የተበጠሰው ዲስክ ከበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ናቸው፤ መለኪያውንም አብሬ አምጥቼዋለሁና ስትወጡ ራሳችሁ ለኩት።