የጎማ ቁጥር እንወቅ
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ ጸሐፊው ያደረገው ንግግር)



ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ጎማ ሲጠፋ ያገኘነውን እያሰርን ከርመናል። ችግር ነው፣ አይፈረድም። ዛሬ ግን ልማዱ ይቅር።

እኔ ራሴ ቁጥሩን ሳላይ፣ «ይበልጥ ሰፊ ነው» ተብዬ አሰርኩ። ከኩሓ ስወርድ መሪ ባጠፍኩ ቁጥር ጎማው ከፓራፋንጎው ጋር ይፋተጋል። ልጆቼ ከኋላ ነበሩ። እግዜር አወጣን።

ታዲያ ቁጥሩ ምን ይላል? በጎማው ጎን 185/70 አር 14 ቢል፣ 185 የጎማው ስፋት በሚሊሜትር ነው። 70 የጎኑ ቁመት የስፋቱ 70 በመቶ ነው ማለት ነው፤ ወደ 130 ሚሊሜትር ይሆናል። «አር» ራዲያል ነው። 14 ጎማው የሚገባበት ቸርኬ ዳር እስከ ዳር በኢንች ሲለካ ነው። የ14 ጎማ ለ15 ቸርኬ አይሆንም። ጎሚስታው በግድ ላስገባ ቢል እንቢ በሉ፤ ንፋስ ሲሞላ ሊፈነዳ ይችላል።

ጎማው ከተፈቀደው ቁመት ከበለጠ ደግሞ የፍጥነት መቁጠሪያው ከበፊቱ አሳንሶ ያሳያል። ቀስ ያላችሁ መስሏችሁ ትፈጥናላችሁ።

ያገለገለ ጎማ ስትገዙ መጨረሻ ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች እዩ። 2319 ቢል፣ በፈረንጆች 2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው።

ለመኪናችሁ የሚሆነው ቁጥር ብዙውን ጊዜ የሾፌሩን በር ስትከፍቱ ምሰሶው ላይ ተለጥፎ ይገኛል። በወረቀት ገልብጣችሁ ኪሳችሁ ያዙ።

ታክሲና ባጃጅ የምትነዱ ልጆቻችን፣ የምትጭኑት እኛኑ ነውና አደራ።